ከሮቢት ማሽላ እስከ ጓሳ ሣር፦ የስድስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ሥነ ምህዳር ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው ሰንሰለቱ ነው፦ ሣር፣ አይጥ፣ ቀበሮ። ሰንሰለቱ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ማን ማንን እንደሚበላ ይነግርና ለምን ዛሬ እንደተሳካለት ሳይናገር ያልፋል። በሁለት ፍጥረታት መካከል የሚሆነውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ከሰንሰለቱ ውጭ የቆመ ሦስተኛ ነው። የዚህ ጉዞ ሥራ እሱን መፈለግ ነው።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ይመቻል። ቆላው ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ውርጭ የሚመታው ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ስለሚቀንስ ሮቢት ላይ በሸሚዝ የዋለ ሰው ጓሳ ላይ ጋቢ ደርቦም ይበርደዋል። መንገዱ በመኪና የአንድ ቀን ቢሆንም ስድስት ቀን ተሰጥቶታል። ጊዜው የመስከረም ማብቂያ ነው፤ ቆላው ላይ የማሽላ ጥገኛ አረም የሆነችው አቀንጭራ፣ ደጋው ላይ ባቄላ አብቦ የሚገኘው ያኔ ነውና።

የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም። ባለ 50 ሜትር መለኪያ፣ አራት ችካል፣ ጥቅል ሲባጎ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ ስለታም ቢላ፣ ባልዲ፣ የርቀት መነጽር፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ጓሳ ላይ በብርዱ ይነጥፋል፣ በጉሙ የጻፈውም ይላቆጣል።

ቀን 1፦ ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት፣ 225 ኪሎ ሜትር

ደብረ ብርሃን (130ኛው ኪሎ ሜትር፣ 2,840 ሜትር) ቁርስ ብቻ ነው። ከከተማው ዳር ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ግን አምስት ደቂቃ ጎንበስ ማለት ይገባል፤ መሬቱ ከደረቀ ቅጠልና ቅርፊት በቀር የሚበቅልበት ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ሰው ጥላውን ይወቅሳል። ከጥላው ይልቅ ግን ሥሩ ለውሃ የሚያደርገው ሽሚያና ቶሎ የማይበሰብሰው ቅጠሉ ይበልጥ ይከብዳሉ። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወረድ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል።

ሥራው የሚጀመረው ከ10 ሰዓት በኋላ ማሽላ ማሳ ውስጥ ነው። ሳያስፈቅዱ መግባት ነውር ነው። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ፤ አቀንጭራውን ለማየት ነበር፣ ይፈቅዱልናል?» ከተባለ ባለማሳው ራሱ መርቶ የባሰበትን ቦታ ያሳያል፤ ጠላቱን ለማሳየት የሚሰስት ገበሬ የለም።

አቀንጭራ ሐምራዊ አበባዋ ያምራል። ስሟ ግን ሥራዋን ይናገራል፤ ያረፈችበትን ማሽላ ታቀነጭራለች። አረንጓዴ ቅጠል ስላላት ራሷን የቻለች ትመስላለች። ነገሩ የሚገለጠው ከመሬት በታች ነው፤ እዚያ ለማየት ደግሞ መንቀል አያዋጣም፣ መገናኛው ላይ ይበጠሳል። ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ሁለት ስንዝር ያህል ጠልቆ ዙሪያውን ቆፍሮ ከነጓሉ ማንሳት፣ ባልዲ ውስጥ ሩብ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ አፈሩን በውሃ ብቻ እያንቀሳቀሱ ማራገፍ ያስፈልጋል። በእጅ መነጽሩ ሲታይ የአቀንጭራዋ ነጭ ሥር የማሽላው ሥር ላይ የተለጠፈበት ትንሽ እብጠት ይወጣል። ያቺ እብጠት ናት ቧንቧው። ውሃና ንጥረ ነገር የሚያልፍባት እሷ ስትሆን፣ ከጉዳቱ ከግማሽ በላይ የሚደርሰው አቀንጭራዋ ገና ከመሬት ሳትወጣ ነው። አበባዋን አይቶ የነቃ ገበሬ የዘንድሮውን አርፍዶበታል ማለት ነው፤ የሚያድነው የከርሞውን ነው።

አሁን ሦስተኛው። የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ታፈራለች፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊተኛ ይችላል። ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ዝናብ ብቻውን አይደለም። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያንሰው ስትራይጎላክቶን የሚባል ኬሚካል በሥሩ ይረጫል። ጥሪው ለአቀንጭራ አይደለም፤ ከሥሩ ጋር ተጣምሮ ከሩቅ አፈር ፎስፈረስ የሚያመጣለትን ፈንገስ መጥራቱ ነው። አቀንጭራ ግን ጎረቤት ሆና ጥሪውን ትሰማና ትነቃለች። ወዳጅ የተጠራበት ድምፅ ጠላትን ቀሰቀሰ። የደከመ መሬት ላይ አቀንጭራ የምትበረታውም ለዚህ ነው፦ ማሽላው ሲርበው አብዝቶ ይጣራል። ፍግና ማዳበሪያ የሚረዱት ማሽላውን በማጠንከር ብቻ ሳይሆን ጥሪውን በመቀነስም ነው። አንዳንድ ጥራጥሬዎች ደግሞ ዘሯን ይቀሰቅሱና ሥራቸውን አያስይዟትም፤ የነቃችው ዘር የምትለጠፍበት አጥታ በቀናት ትሞታለች። እያፈራረቁ መዝራት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ አቀንጭራውን ካበበ በኋላ ነቅሎ ድንበር ላይ መጣል። ተነቅሎም ዘሩ ይጎመራል፣ ነፋስና ጎርፍ ያዳርሰዋል። ሳያብብ መንቀል፤ ካበበ ደግሞ ሰብስቦ ማቃጠል ነው።

ቀን 2፦ የሾላው ውስጥ

ወንዝ ዳር ያለ ሾላ ይመረጣል። ሾላ የምንለው ፍሬ በእውነቱ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ከረጢት ነው፤ አበባዎቹ በመቶዎች ሆነው የውስጡን ግድግዳ ይሸፍናሉ። ከውጭ የሚታየው በጫፉ ላይ ያለች፣ በቅርፊት የተዘጋች ቀዳዳ ብቻ ናት።

ከተለያየ ቅርንጫፍ አሥር ፍሬ ቆርጦ በስፋቱ ሳይሆን ከእንብርቱ እስከ እጀታው በቁመቱ መሰንጠቅ ነው። ጮርቃ ከሆነ ባዶ አበባ ይታያል፤ የበሰለ ከሆነ በጎኑ የመውጫ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ውስጡም ባዶ ቤት ነው። የሚፈለገው በመካከል ያለው፣ ጠንካራ ሆኖ ሲነኩት ትንሽ የሚለሰልሰው ነው። አንድ ዛፍ ላይ ያሉት ፍሬዎች ዕድሜያቸው ስለሚቀራረብ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጮርቃ ከሆኑ ዛፉን መቀየር ይሻላል።

ጥሩው ፍሬ ሲሰነጠቅ ጥቁር፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ተርብ ሞታ ትገኛለች፤ ክንፍ የላትም። ክንፏ የቀረው ቀዳዳዋ ላይ ነው፤ መነጽሩን ወደ መግቢያው ቅርፊት ቢያዞሩት የተሰካው ክንፍ ራሱ አንዳንዴ ይታያል። ተርቧ ከሌላ ሾላ የአበባ ዱቄት ይዛ መጥታ፣ ተጨናንቃ ገብታ፣ አበባዎቹን እያዳረሰች አንዳንዶቹ ላይ ዕንቁላል ጥላ እዚያው ትሞታለች። ዕንቁላል የተጣለበት አበባ የተርብ ቤት ይሆናል፤ ዱቄት ብቻ የደረሰው ዘር ይሆናል። ከሳምንታት በኋላ ቀድመው የሚፈለፈሉት ክንፍ የሌላቸው ወንዶች ናቸው። ከሴቶቹ ጋር ገና ከቤታቸው ሳይወጡ ይገናኛሉ፣ ግድግዳውን ሰርስረው መውጫ ይከፍታሉ፣ ይሞታሉ። ሴቶቹ ዱቄት ጭነው በዚያ ቀዳዳ ይበርራሉ፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ሾላ ካላገኙ አለቀላቸው። መንደር ውስጥ ሾላ ሁሉ ተቆርጦ አንድ ብቻ ቢቀር «አንዱ ቀርቷል» ብሎ መጽናናት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ይህን ውል የሚያፈርሱ አሉ። የዚሁ የሾላ ተርብ የቅርብ ዘመድ የሆነች ሌላ ተርብ በዚያችው ቀዳዳ ገብታ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ዱቄት ግን አታራክብም። ቤት ተከራይታ ኪራይ የማትከፍል ናት። ሌሎች ደግሞ ሳይገቡ፣ እንደ መርፌ በረዘመ ዕንቁላል መጣያቸው ከውጭ ግድግዳውን ይወጋሉ። ፍሬው ላይ ጉንዳን ሲመላለስ እነዚህ ከውጭ የሚወጉት አይረጋጉም፤ ቀድማ የገባችው ተርብ ልጆች ይተርፋሉ፣ ዛፉም ዱቄት ተሸካሚ አያጣም። ጉንዳኑ ስለ ሾላው ግድ ኖሮት አይደለም፤ የሚመላለሰው ለራሱ ጉዳይ ነው። ጉንዳን ካለበት ቅርንጫፍ አምስት፣ ከሌለበት አምስት ፍሬ ሰንጥቆ ማነጻጸር የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከሰዓት በኋላ ግራሩ ላይ ያለው ተቀጽላ። ከግራሩ ቅጠል ወፈር ያለ፣ የተለየ አረንጓዴ ነው፤ ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል፣ ውሃና ማዕድን ግን ከግራሩ ይስባል። ሦስተኛዋ ትንሽ ወፍ ናት። ፍሬውን ትበላለች፣ የሚያጣብቀውን ዘር ማራገፍ ያቅታትና ቅርንጫፍ ላይ ትጠርገዋለች፤ ለተቀጽላው ከዚያ የተሻለ ማሳ የለም። ቅጠሉን ብቻ መመልመል ዋጋ የለውም፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከተጣበቀበት በታች አንድ ክንድ ያህል ወርዶ ቅርንጫፉን መቁረጥ ነው። ለመድኃኒት ነው የሚለው ሰው ካለ ይውሰደው፤ ለግራሩ ውለታ ነው።

ቀን 3፦ ደብረ ሲና፣ እሾሁ ሥር

ከሮቢት 35 ኪሎ ሜትር ሽቅብ። ከከተማው ዳገት ላይ ጥያቄው አንድ ነው፦ የወይራ ችግኝ የት ይተርፋል? ቁጥቋጦ ከችግኝ ጋር ለብርሃንና ለውሃ ይሻማል፤ ስለዚህ ችግኙ ገላጣው ላይ መብዛት ነበረበት። የሚታየው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው።

በችካልና በሲባጎ 1 ሜትር በ1 ሜትር ካሬ ይሠራል። 20 ቁጥቋጦ ተመርጦ ካሬው ሥራቸው ይዘረጋል፤ ከእያንዳንዱ በሦስት ሜትር ርቀት፣ በዚያው የዳገት ከፍታ፣ ገላጣው ላይ ሌላ ካሬ። በሁለቱም ከጉልበት በታች ያለ የዛፍ ችግኝ ሁሉ ይቆጠራል፣ ጫፉ የተነጨው ለብቻው ይመዘገባል። ስህተት የሚገባው ሦስት ቦታ ላይ ነው። ቆጣሪው ችግኝ ያየበትን ቁጥቋጦ ይመርጣል፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ መስመር ዘርግቶ በየአሥር ሜትሩ ቅርብ ያለውን መውሰድ ነው። ሁለተኛ፣ እሾህ ውስጥ እጅ ማስገባት ስለሚያም ጥልቁ ሳይቆጠር ይቀራል። ሦስተኛ፣ ከግንድ ያቆጠቆጠ ቀንበጥ እንደ ችግኝ ይቆጠራል፤ ሥሩን ነካ አድርጎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ እሾሁ ሥር ከበዛ ምክንያቷ ፍየል ናት። ፍየል በሚውልበት ዳገት እሾህ ሞግዚት ነው፤ ጥላውም ለጋውን ከበጋ ፀሐይ ይጋርደዋል። ፍየል በማይደርስበት የተከለለ ቦታ ያው ቆጠራ ቢደገም ልዩነቱ ሊጠብ፣ እንዲያውም ሊገለበጥ ይችላል፤ ያኔ ሞግዚቱ ተሻሚ ሆኗል። «ቁጥቋጦ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ለሚል ሰው መልሱ «ፍየሏ የት ናት?» ነው። ችግኝ ተከላ ሲባል ቁጥቋጦውን መንጥሮ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ሞግዚቷን አባሮ ልጁን ለፍየል ሰጠ።

ወፍ ዋሻ ደን ለቀኑ ቀሪ ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ጫፉ ላይ አስታ። ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ዛፉን አይበላም፤ ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሠሩት አንድ አካል ነው፣ ዛፉን የሚፈልገው ለመስቀያ ብቻ ነው። ሲበርር ክንፉ ደም የሚመስለው አረንጓዴ ወፍ የጽድና የሌላውንም ዛፍ ፍሬ እየበላ ዘር ያዳርሳል። ቀዩ ቀለሙ መዳብ አለበት፤ ከወፍ ሁሉ ይህ የእሱ ወገን ብቻ ያለው ነው።

ቀን 4፦ ጣርማ በር፣ መንዝ

ጠዋት ጉም ነው፤ ገደሉ እስኪገለጥ ሻይ መጠጣት እንጂ ሌላ ሥራ የለም። ሲገለጥ አጥንት ከሰማይ አለት ላይ እየጣለ የሚሰብረው ጢማም አሞራ ይዞራል። የአንኮበርዋ ትንሽ ወፍ፣ በሳይንስ የታወቀችው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፣ የምትኖረው በዚሁ ገደል አፋፍ ነው፤ ቡናማ ስለሆነች ካልተንቀሳቀሰች አትታይም።

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባቄላ አብቧል። አንድ ተክል ተፈቅዶ ይነሳል፤ እንደ አቀንጭራው ተቆፍሮ እንጂ ተነቅሎ አይደለም። ሥሩ ላይ ያለችው እባጭ በጥፍር ስትሰነጠቅ ሮዝ ከሆነች በውስጧ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ነው። ነጭ ከሆነች ገና ነች ወይም ሥራ ፈት ናት፤ አረንጓዴ ከሆነች አርጅታለች። አሥር እባጭ ሰንጥቆ ሮዙን መቁጠር ይበቃል። የዚህ ውል ሦስተኛ ተጠቃሚ በዚያው ማሳ በከርሞ የሚዘራው ገብስ ነው፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ከቀረለት ነው። ባቄላውን ከነሥሩ ነቅሎ ለከብት የሚያጋዝ የገብሱንም ድርሻ አብሮ ጫነ።

ቀን 5፦ ጓሳ፣ በጭላዳ መሐል

ጓሳ ሣሩም አገሩም ስሙ አንድ ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሆናል። የመንዝ ሰው ለዘመናት ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ አገር ተማክሮ ሲከፍተው ብቻ ይታጨዳል፣ ያለጊዜው ያጨደ ይቀጣል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ዛሬ ጥበቃው በማኅበረሰቡ ሥር እንደገና ተደራጅቷል። ከመግባት በፊት ለጥበቃው ቢሮ ማስመዝገብና መሪ መውሰድ ግድ ነው።

ጭላዳ ዝንጀሮ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ወደ ሜዳው ይወጣል። ቀይ ቀበሮም ቀን ያድናል፣ የሚያድነው የሣር አይጥ ቀን የሚወጣ ነውና፤ ሌሊቱ ለአይጡ ይበርደዋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ያለው ዋናው ጊዜ ነው።

ከመንጋው 50 ሜትር ርቆ፣ ከነፋሱ በታች፣ መቀመጥ። መቆም ጭላዳውን ያስበረግገዋል። በየአሥር ደቂቃው የሚጻፈው አራት ነገር ነው፦ ቀበሮ በመንጋው ውስጥ ናት ወይስ ብቻዋን፤ ስንት ጊዜ ሞከረች፤ ስንቱ ተሳካ፤ ጭላዳዎቹ ምን አደረጉ። ሙከራ ማለት አንገቷን ሰብራ፣ ጆሮዋን ወደ ፊት አድርጋ፣ በቀስታ ተራምዳ የዘለለችው ነው፤ ማሽተት አይቆጠርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የያዘችውን ብቻ ሲጽፍ ነው። ያልተሳካው ካልተጻፈ የተሳካው ትርጉም የለውም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ እዚሁ ጓሳ ላይ የተሠራ ጥናት ያገኘው ይህን ነው፦ ቀበሮ ብቻዋን ስታድን ከመቶ ሙከራ 25ቱ፣ በጭላዳ መሐል ስታድን 67ቱ ይሳካል። ጭላዳ አይጥ አይበላም፣ ከቀበሮ የሚያገኘው ነገርም የለም። ውሻ ሲያይ ግን ወደ ገደሉ ይነጉዳል። ቀበሮዋ የምትታገሠው ሥርዓት ስለያዘች ነው፤ በመንጋው ውስጥ ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ አትሮጥም፣ ግልገሎቹን አትነካም። ለምን ይሳካላታል ለሚለው ሁለት ማብራሪያ ቀርቧል፦ ሣር የሚነጩት ጭላዳዎች አይጦቹን ከጎሬያቸው ያስወጣሉ፤ ወይም ደግሞ ያ ሁሉ እግርና ጠጉር በሚርመሰመስበት የቀበሮዋ አካሄድ ለአይጡ አይለይለትም። ሁለተኛው ለዓይን ይበልጥ ይጥማል፤ ከመንጋው መሐል ስትሄድ ቀዩ ጀርባዋ ከጭላዳው ቡናማ ጋር ሲቀላቀል በርቀት መነጽር እንኳ ትጠፋለች። በአንድ ቀን የሚገኘው ጥቂት ሙከራ ነውና ከአሥር ሙከራ ስሌት አውጥቶ በጥናቱ ላይ መከራከር ቀልድ ነው።

ጅብራውን አለማለፍ። ዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖርና አንዴ ረጅም የአበባ ዘንግ አቁሞ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። አበባውን የሚጎበኙት ረጅም መንቁር ያላቸው የአበባ ማር ጠጪ ወፎች ናቸው። የደረቁ ዘንጎች በብዛት ቆመው ሲታዩ በሽታ የመታው የሚመስለው ሰው አለ፤ የኖረ ጅብራ እንዲሁ ነው የሚጨርሰው።

ቀን 6፦ የጎሬ ቆጠራ

ይህ ሥራ ትናንት ማታ ተጀምሯል። ሣሩ ከተዘጋበትና በቅርቡ ከታጨደበት ቦታ አምስት አምስት ባለ 10 ሜትር በ10 ሜትር ካሬ በመስመር፣ በየ50 ሜትሩ ይወሰዳል። እያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያለው ጎሬ ሁሉ ይቆጠርና አፉ በጭብጥ ደረቅ ሣር ላላ ተደርጎ ይደፈናል። በአፈር ወይም በድንጋይ አይደፈን፤ አይጡን ማስቸገር እንጂ መቅበር አይደለም ዓላማው። ከ24 ሰዓት በኋላ ሣሩ የተገፋበት ጎሬ «ሰው አለበት» ተብሎ ይመዘገባል። ከ40 ጎሬ 14ቱ ቢከፈቱ ለካሬው የሚጻፈው 14 ነው።

14 ጎሬ ማለት 14 አይጥ ማለት አይደለም፤ አንድ አይጥ ብዙ በር አለው። ቁጥሩ የሚያገለግለው ቦታን ከቦታ ለማነጻጸር ብቻ ነው። ማታ ነፋስ ካደረ ሣሩን ራሱ ይነቅለዋል፤ ያኔ ሁሉም ጎሬ የተከፈተ ይመስላልና ቆጠራው ይደገማል። ሲገፋ ወደ ውጭ የተዘረገፈ ሣር የአይጥ ነው፤ ተጠራርጎ የጠፋ የነፋስ።

ረጅሙ ጓሳ ለአይጡ ጣሪያ ነው፤ ከአሞራም ከቀበሮም ይሸሽጋል። ሲታጨድ ጣሪያው ይነሳል፤ አዳኙ ይቀናዋል፣ ለጥቂት ጊዜ። ሳይዘጋ በየዓመቱ ሲታጨድ ግን ጓሳው እየሳሳ ጨረንፌ የሚባል ቁጥቋጦ ይተካዋል፣ የሣሩ አይጥም መኖሪያው ያንሳል። ማጭዱ ለቀበሮዋ ወዳጅም ጠላትም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው የሚያርፍበት ዓመት ብዛት ነው። በጎች ጠባቂው ውሻም እንደዚያው ነው፤ አይጥ አይሻማትም፣ ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ይዞባት ይመጣል። በዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸውና ለአንድ መንደር ውሾች የሚሰጥ ክትባት ለእሷ ከአጥር ይበልጣል።

ከመነሳት በፊት ያልተከፈቱት ጎሬዎች ላይ የቀረው ሣር አንድ በአንድ ይነቀላል። ችካሉ ይቆጠራል፣ ሲባጎው ይጠቀለላል። የተረሳ ሲባጎ ነገ ጠዋት ጭላዳ እጅ ይገባል።